የውሻን ጠጕር የሚያስተካክል ባለሙያ ስለ መምረጥ

በቤታችን የምናሳድገው ውሻ ጀርመን ሼፐርድ ከሚባለው ወገን ነው። ጠጕሩ ድርብ ሲሆን፥ ላይኛው ሻካራ፥ የውስጠኛው ግን እንደ ጥጥ ልስልስ ነው። አንድ ጠጕር አስተካካይ «ሙቀት እንዳይጎዳው ሙልጭ አድርጌ ልላጨው» ቢለን እንቢ አልነው። ያ ጠጕር ፀሐይን ይከላከልለታልና፤ ከተላጨም በኋላ እንደ ቀድሞው ላይበቅል ይችላል። ፑድል የተባለው ውሻ ግን ጠጕሩ ሳያቋርጥ ስለሚያድግ በየጊዜው መቈረጥ ይገባዋል።

ስለዚህ ባለሙያ የሚፈልግ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ ይህን ልዩነት ያውቅ እንደ ሆነ ይጠይቅ። ጥፍር ሲቈርጥም ይመልከተው፤ በጥፍሩ ውስጥ የደም ሥር አለና የሚቸኩል እጅ ያደማዋል። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መወጋቱን የሚያስረዳ ወረቀት አምጣ ሲሉት የሚቈጣ ጌታ አይተናል፤ እኛ ግን እንዲህ ያለውን ጠያቂ እንመርጣለን።