በማር የተለወሰ መርዝ፦ የ«ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» ጥበብና ጉዳት

ዴቪድ ዋርክ ግሪፊዝ በ1915 እ.ኤ.አ. ለዕይታ ያበቃው «ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» ወይም «የአንድ ሀገር ልደት» በሲኒማ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ በሁለት ዐረፍተ ነገሮች ሲዳኝ ይገኛል። አንደኛው ፊልሙ የሲኒማን ጥበብ እንዳራመደ ይመሰክራል፤ ሌላው ይዘቱ ዘረኛ እንደ ነበረ ያወግዛል። ሁለቱም እውነት ናቸው። አከራካሪው በመካከላቸው የሚገባው «ነገር ግን» ነው፤ ጥበቡን በአንድ ወገን፣ ጉዳቱን በሌላ ወገን አኑሮ ያፋታቸዋል። ፊልሙን በጥሞና የመረመረ ሰው ግን መርዙ የተዋጠው በማሩ መሆኑን ይገነዘባል።

ታሪኩ የተወሰደው ቶማስ ዲክሰን በ1905 ካሳተመው «ዘ ክላንስማን» ከተባለው ልቦለድ ነው። የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነትና ከዚያ በኋላ እስከ 1877 የዘለቀውን የመልሶ ግንባታ ዘመን ይተርካል። በፊልሙ ዕይታ ይህ ዘመን ነፃ የወጡት ጥቁሮች ነጮችን ያዋረዱበት፣ ኩ ክለክስ ክላን የተባለው ጭምብል ለባሽ ቡድንም ደቡቡን የታደገበት ነው። የሳውዝ ካሮላይናን ምክር ቤት በሚያሳየው ክፍል ጥቁር እንደራሴዎች ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለው፣ መጠጥ ሲጎነጩ ይታያሉ። እውነተኛው መዝገብ ሌላ ይናገራል። በዚያው ግዛት በ1868 የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ አብዛኞቹ አርቃቂዎቹ ጥቁሮች የነበሩት፣ ነፃ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንዲቋቋሙ ደንግጓል።

ይህን የመሰለ የታሪክ ማዛባት በመጽሐፍ ብቻ ቢቀር ኖሮ ኃይሉ የተወሰነ በሆነ ነበር። ግሪፊዝ ከ1908 እስከ 1913 ባዮግራፍ በተባለው ኩባንያ ከ400 በላይ አጫጭር ፊልሞችን አዘጋጅቷል። የተጠቀመባቸውን ስልቶች ሁሉ እርሱ አልፈጠራቸውም፤ ብቃቱ የቅርብ ዕይታን፣ ሰፊ የጦር ሜዳ ትዕይንትንና ትይዩ ቅንብርን ሦስት ሰዓት በሚጠጋ አንድ ትረካ ማስተሳሰሩ ነበር። የመጨረሻው የማዳን ትዕይንት ለዚህ ምስክር ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አንዲት ነጭ ወጣት በግዳጅ ጋብቻ ትያዛለች፤ በሌላ ጎጆ አንድ ቤተሰብ በጥቁር ወታደሮች ይከበባል፤ በመንገድ ላይ ፈረሰኞች ይጋልባሉ። ምስሉ ከአንዱ ወደ ሌላው በተፈራረቀ ቁጥር ተመልካቹ ማን ትክክል እንደ ሆነ የሚያመዛዝንበት ጊዜ ያጣል፤ «በደረሱላቸው» ብሎ መመኘት ብቻ ይቀረዋል። ምኞቱን የሚፈጽሙለት ደግሞ የክላን ፈረሰኞች ናቸው፤ ግልቢያቸውንም በአዳራሹ የሚገኝ ኦርኬስትራ በቫግነር ሙዚቃ ያጅበዋል። በዚህ ትዕይንት ቅንብሩ ራሱ የክርክሩ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል። የሚያስፈራው ሰው እንኳ ጥቁር አልነበረም፤ ዋና ዋናዎቹን የጥቁር ገጸ ባሕርያት የተጫወቱት ፊታቸውን ጥቁር የተቀቡ ነጭ ተዋንያን ናቸው።

ጉዳቱ በአዳራሹ ውስጥ አልቀረም። ፊልሙ በፌብሩዋሪ 1915 በሎስ አንጀለስ ከታየ በኋላ፣ በዚያው ወር በዋይት ሐውስ ለፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን ቀረበ። ለጥቁሮች መብት የቆመው ብሔራዊ ማኅበር ተቃውሞውን አስተጋባ፤ በቦስተን ጋዜጠኛው ዊልያም ሞንሮ ትሮተር ሰልፈኞችን መራ። በኖቬምበር ወር ዊልያም ሲሞንስ ከአትላንታ አቅራቢያ በሚገኘው ስቶን ማውንቴን ላይ መስቀል አቃጥሎ ክላንን እንደገና አቋቋመ፤ ፊልሙ በአትላንታ የታየው ከዚያ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነው። መስቀል ማቃጠል የመጀመሪያው ክላን ሥርዓት አልነበረም፤ ከልቦለዱና ከፊልሙ የተቀዳ ነው። ዴዝመንድ አንግ የተባለ ተመራማሪ በ2023 ያሳተመው ጥናትም ፊልሙ በደረሰባቸው አውራጃዎች የመንጋ ግድያና የዘር ሁከት መጨመሩን አሳይቷል።

ታዲያ መፍትሔው ማገድ ነበርን? ኦሃዮና ካንሳስ አግደውት ነበር። ይሁን እንጂ የሳንሱር በትር የሚያርፈው በአጥፊው ላይ ብቻ አይደለም። ጥቁሩ የፊልም አዘጋጅ ኦስካር ሚሾ በ1920 «ዊዚን አወር ጌትስ» የተባለውን ፊልም ሲያቀርብ የቺካጎ ሳንሱር ቦርድ ሁከት ያስነሣል በሚል ስጋት መጀመሪያ ከልክሎት ነበር። ሚሾ በዚህ ፊልም የግሪፊዝን ትይዩ ቅንብር ወስዶ ገለበጠው፤ በአንድ ወገን አንድ ጥቁር ቤተሰብ በመንጋ ሲገደል፣ በሌላው ወገን አንድ ነጭ ሰው አንዲት ጥቁር ወጣትን ሲያጠቃ እያፈራረቀ አሳየ። በሚሾ ትዕይንት ሊያድን የሚጋልብ ፈረሰኛ የለም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በሎስ አንጀለስ የተማረው የጎንደር ተወላጅ ኃይሌ ገሪማና ባልደረቦቹ ጥያቄውን ወደ ትረካው ቅርጽ ራሱ አሻገሩት። በኃይሌ «ሳንኮፋ» (1993) ባሪያ የተደረጉት ሰዎች አዳኝ ሳይጠብቁ ራሳቸው ይነሣሉ።

የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የግሪፊዝን ፊልም በ1992 በብሔራዊ የፊልም መዝገብ አስፍሮታል፤ የአሜሪካ የፊልም ዳይሬክተሮች ማኅበር ደግሞ በ1999 የግሪፊዝን ስም ከከፍተኛ ሽልማቱ አንሥቷል። ሁለቱ ውሳኔዎች አይጋጩም፤ ማስረጃን መጠበቅና ሰውን ማክበር የተለያዩ ተግባራት ናቸውና። በመማሪያ ክፍል የሚቀረው ሥራ በእያንዳንዱ የምስል ሽግግር ላይ ቆሞ ለማን እንድንፈራ፣ ማን እንዲያድን እንድንመኝ እንደ ተደረግን መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ወደ ፊልሙ ማብቂያ በሚገኘው የምርጫ ቀን ትዕይንት ላይ ይበረታል። ጥቁር መራጮች ከቤታቸው ሲወጡ የታጠቁ የክላን ፈረሰኞች ተሰልፈው ይጠብቋቸዋል፤ መራጮቹም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ፊልሙ ይህን ያቀረበው እንደ መልካም ፍጻሜ ነው።