የኅዳር ጽዮን ማግስት

በ1967 ዓ.ም. የኅዳር ጽዮን ማግስት እሑድ ዋለ። እኔ ያኔ ተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ በዋሽንግተን ናሽናል አየር ማረፊያ ምግብ ቤት ጠረጴዛ እጠርጋለሁ። አሜሪካኖች የምስጋና በዓላቸውን አክብረው የሚመለሱበት ቀን በመሆኑ አዳራሹ ጢም ብሏል። ውጭ ነፋሱ አይጣል ነው። በጎን የሚመታው ነፋስ ለማረፍ ስላላስቻለ አንዳንድ አውሮፕላኖች ወደ ደለስ አየር ማረፊያ እንዲሄዱ ተደረገ። ከኢንዲያናፖሊስ ተነሥቶ በኮሎምበስ በኩል የሚመጣው የቲደብልዩኤ በረራ 514 አንዱ ነበር።

ከኮሎምበስ ሰው የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት ቡናቸውን ሳይጨርሱ ተነሡና ወደ ደለስ በምን እንደሚኬድ ጠየቁኝ። እስከ በሩ ሸኝቼ የአውቶቡሱን መቆሚያ አሳየኋቸው። ፊታቸውን አልረሳውም። የዚያ ሰሞን ሰው መጠበቅ ምን እንደሆነ እኛ ሐበሾች ጠንቅቀን እናውቅ ነበር፤ ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት አዲስ አበባ ላይ ከተረሸኑ ገና ስምንት ቀናቸው ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልባችን ይሸበራል።

ከሰዓት በኋላ የወጥ ቤቱ ሬዲዮ ተናገረ። አውሮፕላኑ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ ከዌዘር ተራራ ጋር ተላትሟል። 85 መንገደኞችና 7 የበረራ ሠራተኞች፣ ሁሉም አልቀዋል። ሳህን የያዘው ሁሉ ሳህኑን አስቀመጠ።

የምርመራውን ሪፖርት ካነበብኩ በኋላ ሐዘኔ ወደ ቁጭት ተለወጠ። ተራራው በደመና ተሸፍኗል፤ አብራሪው ያለው መሣሪያው፣ ካርታውና የተቆጣጣሪው ድምፅ ብቻ ነው። ከማረፊያው 44 የባሕር ማይል ገደማ ሲቀራቸው፣ ከፍታ ሳይወሰንላቸው፣ ወደ 12 ቁጥር ማኮብኮቢያ እንዲቀርቡ ተፈቀደላቸው። ካርታው ራውንድ ሂል እስከሚባለው የበረራ መስመር ነጥብ ድረስ ከ3,400 ጫማ በታች አትውረዱ ይላል። አይተውታል፣ ተነጋግረውበታልም። ካፒቴኑ ግን ፈቃዱ ከተሰጠን መውረድ እንችላለን ብሎ ደመደመ። ወደ 1,800 ጫማ ወረዱ፤ 1,670 ጫማ ገደማ ላይ ተራራው ጠበቃቸው። ለተቆጣጣሪዎቹ ደግሞ ከፍታውን መጠበቅ የአብራሪው ድርሻ ነበር። አንዱ በሌላው ተማምኖ፣ ተራራውን የሚያስብ ሰው ጠፋ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ከስድስት ሳምንት በፊት አንድ የዩናይትድ አውሮፕላን በዚያው አቅጣጫ ሲቀርብ፣ በዚያው አለመግባባት ሳቢያ ከዚያው ተራራ ለጥቂት ተርፏል። ዩናይትድ የራሱን አብራሪዎች አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው የቲደብልዩኤ አብራሪዎች ዘንድ አልደረሰም። አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ያጋጠማቸውን አደገኛ ነገር ያለ ፍርሃት ለናሳ የሚያሳውቁበት ሥርዓት የተቋቋመው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለእኚያ አሮጊት እጅግ ዘግይቶ።

የመርማሪው ቦርድ አባላት ራሳቸው ሦስት ለሁለት ተከፈሉ። ሦስቱ ዋናውን ጥፋት በአብራሪዎቹ ውሳኔ ላይ ጣሉ፤ ሁለቱ የተቆጣጣሪዎቹን ድርሻ አጉልተው ተቃወሙ። እኔ ከሁለቱ ጋር ነኝ። ራዳሩ ፊት የተቀመጠው ሰው አውሮፕላኑ የት እንዳለ ያያል፤ አብራሪው ከመስኮቱ ውጭ ደመና እንጂ ሌላ አያይም ነበር።