ሳይጠጡ ጉበት ላይ ስብ?

«መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ ጉበቴ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ፣ የአልትራሳውንድ ውጤታቸውን እየሰጡኝ። የካዛንቺስ ልጅ ናቸው፤ ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ወደ ዳር ተዛውረዋል። ክትትላቸውን ግን ቂርቆስ አልተዉም። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. አንስቶ አላቋረጡም። አሁን ግን ልጃቸው «መድኃኒቱ ነው፣ ለጊዜው ተይው» ብላቸዋለች። ይህን የምጽፈው (በእሳቸው ፈቃድ) እንደ እሷ ለሚያስቡ ነው።

ጉበት ላይ ስብ የሚያከማቹት በዋናነት ውፍረት፣ ስኳርና የደም ቅባት ናቸው። ኤችአይቪ በደማቸው ላለባቸው ግን ብዙም የማይወራለት ሌላ ነገር ይጨመራል፦ አንጀት።

ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፉኛ የሚያጠቃው አንጀት ግድግዳ ላይ ያሉትን የሲዲ ፎር ሴሎች ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱን ቢቆጣጠረውም ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ላይጠገን ይችላል። የአንጀት ባክቴሪያዎች ስብጥር ይለወጣል፤ ስብርባሪያቸውም በሳሳው ግድግዳ ሾልኮ ደም ውስጥ ይገባል። ከአንጀት የሚነሳው ደም ደግሞ መጀመሪያ የሚደርሰው ጉበት ጋ ነው። ጉበት ይቆጣል፤ ስብ ካለበት ይብስበታል።

መድኃኒቱስ? አብዛኛው ታካሚ ዛሬ የሚወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበት እንክብል አንዳንዶችን፣ በተለይ ሴቶችን፣ ያወፍራል። ልጅቷ ጨርሶ አልተሳሳተችም። ማቋረጥ ግን ቫይረሱን መልሶ አንጀቱ ላይ መልቀቅ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው ደግሞ እዚያው እንክብል ውስጥ ያለው ቴኖፎቪር ሁለቱንም ቫይረስ የያዘ ነው፤ በድንገት ሲቆም ጉበት በከባድ ሁኔታ ሊጎዳ ይችላል።

«እንጀራ እርሾ አለው፣ ባክቴሪያውን አያስተካክልም?» ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የእርሾው ሕዋሳት ምጣድ ላይ ይሞታሉ፤ የጤፉ አሰር ግን ለአንጀት ባክቴሪያዎች ምግባቸው ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንም እንዲሁ። ችግሩ ዘይቱ፣ ነጭ ዳቦውና ለስላሳው ላይ ነው፤ ጾም ሲሆን እንዲያውም ይበዛሉ። ውድ የፕሮባዮቲክ እንክብል ግዙ አልልም። «ጉበት ያጸዳል» የሚባል ቅጠልማ ጭራሽ አይነካ፤ አንዳንዱ ራሱ ጉበት ይመርዛል።

82 ኪሎ ናቸው። ከክብደት 7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ የጉበትን ስብና መቆጣት ይቀንሳል፤ ለእሳቸው ከ6 እስከ 8 ኪሎ መሆኑ ነው፣ ቀስ ብሎ በወራት። የስኳር፣ የደም ቅባትና የሄፓታይተስ ምርመራም አዝዣለሁ።

ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሆድ ካበጠ ወይም ደም ካስመለሰ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።