ፎቶው ላይ የሌለው ብርድ

ጥር 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ማለዳ ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ደረሰች። በዚያ የሚኖር አንድ የሁምቦ ልጅ በበረዶ የተሸፈነውን መናፈሻና የረጋውን ሐይቅ በስልኩ አነሳ። ጓንቱን ላፍታ ቢያወልቅ ጣቶቹ ደነዘዙ፤ ስልኩም ባትሪ እያለው ጠፋ።

ፎቶው ጠበላ ሲደርስ እናቱ ደነገጡ። እሳቸው የሚያውቁት በረዶ ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ነው፤ የሚያውቁት ሐይቅ ደግሞ አባያን። «ልጄ፣ ውሃ ላይ ምን አቆመህ? ቶሎ ውጣ!» አሉት። ታናሽ ወንድሙ ግን «እኔንም ውሰደኝ» አለ፤ የሁምቦን ተራራ ፎቶም ላከለት።

አረንጓዴ ነው። ተራቁቶ የነበረው ተራራ ያገገመው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ነዋሪው 2,728 ሄክታር ከከብትና ከመጥረቢያ ከልሎ፣ ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ በመንከባከቡ ነው። የካርቦን ክሬዲቱንም ለዓለም ባንክ ፈንድ ሸጧል። በፎቶው ላይ ግን ከብቱን ወዴት እንደሚያሰማራ የተጨነቀው ገበሬ አይታይም።

ታላቁ እንዲህ ሲል መለሰ፦ «የእኔም ላይ ብርዱ የለም፤ የሌሊት ፈረቃውም የለም። ከመወሰንህ በፊት ደውልልኝ።»