«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»

አንዳንድ ጥያቄ አለ፤ ሲጠየቅ ደግነት ይመስላል፣ ሲመረመር ግን ወጥመድ ነው። የዘመኑ ባለሱቅ ጥያቄ እንደዚያ ነው። «እህቴ፣ በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይላችኋል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእናንተ ብቻ ያስቀመጠውን ምስጢር እንደሚያካፍል ሁሉ! የዛሬው ጨዋታችን በዚህች ጥያቄ ላይ ነው። «ደግሞ ስለ ግብር ምን አስወራሽ?» የምትሉኝ አትጠፉም። ታገሡኝ። ነገሩ የመንግሥት ካዝና ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኪሳችሁም ነው፣ የእንጀራችሁም ነው፣ ለአንዳንዶቻችን ደግሞ የትዳር ጉዳይ እስከ መሆን ደርሷል።

እስቲ ሐረር ድረስ ልውሰዳችሁ። ጀጎል ግንብ ውስጥ ጊደር መጋላ የሚባል ቦታ አለ። በሐረሪ ቋንቋ «ትልቁ ገበያ» እንደ ማለት ነው። ሥጋ ተራውም ጭልፊቶቹም እዚያው ናቸው። ሰው ሥጋውን በፌስታል አንጠልጥሎ ሲያልፍ ጭልፊት ከላይ ትወረወርና መንትፋው ትሄዳለች። እንግዳ ይደነግጣል፣ እኛ እንስቃለን። የጭልፊቷ ደግነት ስትመነትፍ መታየቷ ነው! ያለ ደረሰኝ የሚመነትፈው ግን አይታይም፤ እንዲያውም ተመንታፊው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎት ነው የሚሄደው።

ከዚያው ሳይርቅ ወደሚገኝ አንድ የቤት ዕቃ መደብር የኤሌክትሪክ ምጣድ ልገዛ ገብቼ ነበር። ዋጋው 11 ሺህ 500 ብር ተባለ። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ በ10 ሺህ 500 ውሰጂው፣ 1 ሺህ ብር ላንቺ!» አለኝ ባለቤቱ። ደረሰኙን እፈልጋለሁ ስለው ፊቱ ተቀየረ። «አቦ! አንቺ ደግሞ የገቢዎች ሰው ነሽ እንዴ?» በእኛ አገር አንቱታ ብዙም ቦታ የለው፤ ሽማግሌውም ልጁም «አንተ» ነው። እኔም «አንተስ ሰው ከከፈለው ላይ ቀንሰህ ለሰው ትሸልማለህ?» ብዬ መለስኩለት።

አሁን ሒሳቡን አብረን እናስላው። ከ11 ሺህ 500 ብሩ ውስጥ የምጣዱ ዋጋ 10 ሺህ ነው። የቀረው 1 ሺህ 500 ብር 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በእኛ አፍ ቫት ነው። ባለሱቁ ይህችን ገንዘብ ለመንግሥት ሊያደርስ ከገዢ የተቀበላት አደራ ናት። ታዲያ 1 ሺህ ብር «ቅናሽ» ሲያደርግላችሁ ከትርፉ አምስት ሳንቲም አልነካም። አደራውን ለሁለት ከፈለው፤ 1 ሺው ለእናንተ፣ 500ዋ ለእሱ። ሽያጩ በማሽኑ ስላልተመዘገበ ደግሞ የዓመቱ የትርፍ ግብር ሲሰላ ያ ምጣድ እንዳልተሸጠ ይቆጠራል። ለእናንተ የወረወራት 1 ሺህ ብር የዝምታ ዋጋ ናት ማለት ነው።

ይህ ቫት የሚሉት ነገር ሲጀመር እንዲህ እንዳይሆን ታስቦ ነው የተሠራው። ሐሳቡን ያፈለቀው ሞሪስ ሎሬ የሚባል ፈረንሳዊ የግብር ባለሙያ ሲሆን፣ አገሩ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ላይ አዋለችው። እኛ ዘንድ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ታወጀና በ1995 ዓ.ም. የድሮውን የሽያጭ ታክስ ተካ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ፣ በቁጥር 1341፣ ሲተካም 15 በመቶው አልተነካም። ጨዋታው ሰንሰለት ነው። ባለሱቁ ምጣዱን ከአከፋፋዩ በ8 ሺህ ብር ሲገዛ 1 ሺህ 200 ብር ቫት ከፍሏል እንበል። ለእኔ ሲሸጥ 1 ሺህ 500 ተቀበለ። ለመንግሥት የሚያስገባው ልዩነቷን 300 ብር ብቻ ነው። ለዚህ ግን የአከፋፋዩ ደረሰኝ በእጁ መኖር አለበት። እያንዳንዱ ገዢ ለራሱ ጥቅም ሲል ሻጩን «ደረሰኝ!» እያለ ይጠብቀዋል። የመጨረሻው ጠባቂ ደግሞ እኔና እናንተ ነን። ሰንሰለቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ በ1 ሺህ ብር ይበጠሳል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 139 የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑን ግዴታ ያደረገውም ለዚህ ነበር። ማሽኑ የማይሰረዝ ማስታወሻ አለው፤ የቀኑን ሽያጭ «ዜድ ሪፖርት» በሚባለው ማታ ይዘጋል። «ደረሰኝ ካልተሰጥዎት አይክፈሉ» የሚለውም ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ያኔ ነው። ማሽኑ ግን የቁልፍ መምቻውን የሚነካ ጣት ይፈልጋል። ጣቱ የማን ነው?

ይኸውና ወደ ዋናው ጉዳዬ መጣሁ።

አንዲት ወዳጅ አለችኝ፤ 24 ዓመቷ ነው። 12ኛ ክፍልን እንደጨረሰች አንድ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ገባች። ስሟንም የሱቁንም ስም አልናገርም። በመጀመሪያው ሳምንት አሠሪዋ የሰጣት መመሪያ አጭር ነበር። «ደንበኛው ካልጠየቀ አትቁረጪ።» በወረቀት አልሰጣት፤ በአፉ ነው የነገራት። እሷም የታዘዘችውን ሠራች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ገዝተው፣ ከፍለው፣ ደረሰኝ ሳይሉ ወጡ። ወዲያው ተመልሰው መታወቂያ አሳዩዋት። የቁጥጥር ሠራተኞች ናቸው! አሠሪዋ የዚያን ቀን ድሬዳዋ ነበር። ሲደወልለት ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ ቁረጪ ነው ያልኳት፤ ረስታ ይሆናል።» ረስታ!

ሁለት ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ አደረች። በዋስ ወጣች እንጂ ጉዳዩ አላለቀም፤ በቀጠሮ እየተመላለሰች ነው። ሕጉ ያለ ደረሰኝ መሸጥን በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በእስራትም ያስቀጣል። ሽያጩን በእጁ የፈጸመ ሠራተኛም «ታዝዤ ነው» በማለቱ ብቻ አይድንም። ሽማግሌ ተልኮላት፣ የሠርጉ ወር ተቆርጦ ነበር። የልጁ ቤተሰቦች «ነገሩ ይጥራ እስቲ» ብለው አስተላለፉት። ቁጢ እየጠጣን ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «እኔ ከዚያ ብር ላይ አንዲት ሳንቲም ደርሳኛለች?»

አልደረሳትም። ገዢው 1 ሺውን ወሰደ፣ አሠሪው 500ዋን ወሰደ፣ ቀጠሮው ለእሷ ቀረ። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ሲሏችሁ ከማሽኑ ጀርባ የተቀመጠችውን ልጅ ቀና ብላችሁ እዩዋት። ቅናሽ የምትቀበሉት በእሷ ዋስትና ነው።

ለነጋዴውም ፍርድ እንስጥ፤ ሁሉም ሌባ አይደለም። አንድ ሐቀኛ ባለሱቅ ያጫወተኝን ልንገራችሁ። «እኔ መቁረጥ እፈልጋለሁ። ከላይ ያለው ግን ደረሰኝ አይሰጠኝም፤ ቢሰጠኝም የ8 ሺውን ዕቃ 3 ሺህ ብሎ ነው የሚጽፈው» አለኝ። እንዲህ ከሆነ ከግዢው ላይ የሚያቀናንሰው ነገር ስለሌለው 300 መሆን የነበረበት ዕዳ 1 ሺህ 500 ድረስ ይወጣል። ደረሰኝ የሌለው ግዢ ደግሞ በትርፍ ግብሩም እንደ ወጪ አይያዝለትም። ጎረቤቱ ያለ ደረሰኝ እየሸጠ ደንበኛ ሲወስድበት እሱ ማሽኑን ታቅፎ ይቀመጣል። ችርቻሮውን ብቻ እያሯሯጡ ትልልቁን አከፋፋይ መተው፣ ጭልፊቷን ትቶ ላባዋን መልቀም ነው።

አሁን ዘመኑ ወደ ኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ እየሄደ ነው። የገቢዎች ሚኒስቴር በስልክ የሚነበብ ምልክት፣ ኪው አር ኮድ የሚባለውን፣ ያለበት የእጅ ደረሰኝ አምጥቷል፤ ደረሰኝ ገና ሲቆረጥ በቀጥታ ወደ እሱ ቋት የሚገባበትን የኤሌክትሮኒክ ሥርዓትም ማስገባት ጀምሯል። ጣሊያን ይህን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በነጋዴዎቿ ላይ ግዴታ አድርጋለች። ጥቅሙ ለሐቀኛው ነው። አከፋፋዩ የጻፈው 3 ሺህ ወዲያው ስለሚታይ ውሸቱ ዓመት አይጠብቅም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የትኛውም መሣሪያ ያልተመዘገበን ሽያጭ አያውቅም። ታይዋኖች ይህ ስለገባቸው እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ እያንዳንዱን ደረሰኝ የሎተሪ ዕጣ አደረጉት። ዕጣው በየሁለት ወሩ ይወጣል፤ ሰው ደረሰኙን ለምኖ ይቀበላል። ብልሆች ናቸው አይደል? ገዢውን ነው የያዙት።

እንግዲህ ምክሬን ልስጥና ላብቃ።

ገዢ ለሆናችሁ፦ ደረሰኙን ተቀብላችሁ አታጣጥፉት፣ አንብቡት። የድርጅቱ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የማሽኑ ቁጥር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የከፈላችሁት ገንዘብ በትክክል ይኑርበት። ከማሽን ደረሰኝ ጋር ካልተያያዘ ዋጋ እንደሌለው በራሱ ላይ የተጻፈበት ወረቀት ተሰጥቷችሁ «ተቀበልኩ» አትበሉ። ምጣዱ በሳምንቱ ቢቃጠልስ? የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ሰጥቷችኋል። ደረሰኝ ከሌላችሁ ግን «እኔ ነኝ የሸጥኩልሽ?» ይባላል። ያቺ 1 ሺህ ብር ያኔ በጣም ውድ ትሆናለች።

ሁሉም ሻጭ ግን ቫት የሚቆርጥ አይምሰላችሁ። የመመዝገቢያው ጣሪያ በ1995 ዓ.ም. የዓመት ሽያጩ 500 ሺህ ብር ለደረሰ ነበር፤ በአዲሱ አዋጅ 2 ሚሊዮን ሆኗል። ሸዋ በር ላይ ጎመን የምትሸጠውን እናት ወይም መኪና ግርግር ላይ ሱሪ የሚያሳጥርላችሁን ልብስ ሰፊ የቫት ደረሰኝ ብላችሁ አታስጨንቋቸው። ያልተመዘገበ ሰው 15 በመቶ ከጨመረባችሁ ግን ያ ሌላ ጉድ ነው፤ አትክፈሉ።

ተቀጣሪ ለሆናችሁ፣ በተለይ ለእናንተ እህቶቼ፦ «ካልጠየቀ አትቁረጪ» የሚል አሠሪ ሲገጥማችሁ «እሺ ጋሼ፣ እሱኑ በቴሌግራም ይጻፉልኝ» በሉ። አይጽፍም! ሊጽፈው የማይደፍረውን ነገር እናንተ በጣታችሁ አትፈርሙለት። ሥራ እንደ ልብ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ ወር ሙሉ ሥራ ፈልጎ የቤት ኪራይ የሚጠብቅበት ሰው ምን ዓይነት ጭንቀት እንዳለበት አይጠፋኝም። ነገር ግን ደመወዙ የአንድ ወር ነው፣ ክሱ የዓመታት። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ቀን ነው። አሠሪው የተናገረውን ረሳ፤ ማሽኑ ግን የዚያን ቀን ዝምታዋን መዝግቦ ያዘ።

ከእንግዲህ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ሲሏችሁ መልሱ አጭር ነው። «በደረሰኝ!» በሉ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ገንዘብ ተቀባይዋም እንድትሰማ። አንዳንዷ ይህችን ቃል የሚጠይቃት ሰው እስኪመጣ እየጠበቀች ነው።

ቸር ይግጠመን!