ለሩቅ መንደር የሚደርስ ርዳታና የቤተሰብ ድርሻ

ለቤተሰብ ጤና መሠረት የሚሆኑት ነገሮች ብዙ አይደሉም። ንጹሕ ውኃ፥ ለሌሊት የሚሆን መብራት፥ ሲታመሙም ቶሎ የሚደርስ ሐኪም ናቸው። በከተማ የሚኖር ሰው እነዚህን ሦስቱን እንደ ተራ ነገር ስለሚቈጥራቸው ቧንቧውን ሲከፍት ውኃው የመጣበትን መንገድ አያስብም። ከመኪና መንገድ ርቆ ለሚኖር ባላገር ግን እያንዳንዱ በድካም የሚገኝ ነው፤ ድካሙም ከሁሉ ይልቅ በእናትና በሴት ልጅ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በዚህ በቤተሰብ ገጽ ላይ ስለ ርዳታ ለመናገር ማሰቤም ጉዳዩ የመሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን የጓዳም ስለ ሆነ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን አልፎ ወደ አዲስ ዘመን ሲቃረብ ደን የለበሰውን የጣራ ገዳምን ተራራ ያያል። ከተራራው ወዲህ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ሐይቅ ተዘርግቷል። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች የሚያልፉበት፥ በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም የምትሰማራበት፥ ዛሬም ሩዝ በብዛት የሚመረትበት ለም አገር ነው። የዚህ አገር ሰው ውኃ ይቸግረዋል ቢባል እንግዳ አያምንም። ነገር ግን የውኃ ብዛትና የሚጠጣ ውኃ ማግኘት ለየቅል ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሜዳው በጎርፍ በተጥለቀለቀ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ ወጥቶ ነበር። ጎርፍ የከብቱን እበትና የሜዳውን እድፍ ጠርጎ ወዳልተከደነ ጕድጓድ ሲያስገባ፥ ውኃ በደጅ ሞልቶ ሳለ ለሕፃን የሚሰጥ አንድ ኩባያ ይጠፋል።

ዘመዶቼ በሊቦ ከምከም ወረዳ በጣራ ገዳም አቅራቢያ ስለሚኖሩ የአገሩን ኑሮ ከወሬ ይልቅ በዓይኔ አውቀዋለሁ። ከእነርሱ ቤት አንድ ጕልማሳ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራ ወርዶ ሲመለስ ትኵሳት ያዘው። ወባ ነው ተባለና የወባ መድኃኒት ዋጠ፤ ትኵሳቱ ግን ሄድ መለስ እያለ ወራት ቈየ። ሰውነቱ እየመነመነ፥ ሆዱ በጣፊያው በኩል እያበጠ ሄደ። ጠበል ተጠመቀ፤ ለመድኃኒትና ለመንገድ ሲባልም ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ተሸጠ። እናቱ ለጠየቋት ሁሉ «ይህ እኔ የማውቀው ወባ አይደለም» ትላቸው ነበር። ሰሚዎቿ ግን ቃሏን የእናት ኀዘን አድርገው አለፉት እንጂ እንደ ምስክርነት የተቀበላት አልነበረም።

እናቲቱ እውነቷን ነበር። በሽታው ካላዛር ነው። ይህ በሽታ የአሸዋ ዝንብ በምትባል ከትንኝ ባነሰች ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን፥ ካልታከመ በቀር የያዘውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። በቆላው በሑመራና በመተማ ከጥንት የታወቀ ነበር፤ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ግን ያልተለመደ በመሆኑ ከወባ ጋራ ተምታታ። ወረርሽኙ ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው በግንቦት ወር 1997 ዓ.ም. ነው። ወዲያውም ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር በአዲስ ዘመን የሕክምና ሥፍራ አቆመ። በጊዜው የተያዙት ሰዎች ከ2000 የሚበልጡ ሲሆኑ የሞቱትም ከ100 በላይ ናቸው።

ዘመዴ 30 ቀን ሙሉ በየዕለቱ መርፌ እየተወጋ ዳነ፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው። በማዶው ቤት የነበረች አንዲት ሕፃን ግን ሐኪሞቹ ከመድረሳቸው አስቀድሞ በዚያው ምልክት ታማ ሞታለች። ለካላዛር የሚሆነው መድኃኒት በዓለም ላይ ከብዙ አሥርተ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ነበር፤ ያጣችው መድኃኒቱ የሚደርስበትን ቀን ነው። ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር ወሬን በጊዜው ማድረስ ራሱ የሕክምና መጀመሪያ መሆኑን ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ ሐኪም የሚመጣው ጥሪ ሲሰማ ነው፤ ጥሪውም የሚነሣው በሽተኛውን ሌት ተቀን ከምታስታምም ሴት አንደበት ነው። ቃሏ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፥ ከወረዳም ወደ በላይ ሳይታጠፍ ቢያልፍ ኖሮ ስንቱ በተረፈ ነበር።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እያሠለጠነ ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች መመደቡ ስለዚህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። እነዚህ ሴቶች ከቤት ቤት እየዞሩ ከማስተማራቸውም በላይ የመንደሩ ጆሮ ናቸው። ቤተሰቡም የራሱን ድርሻ ሊያውቅ ይገባዋል። ወረርሽኙን የመረመሩት ሊቃውንት እንደ ገለጹት፥ ሌሊት በደጅ የሚያድሩና ቀን ከግራር ጥላ ሥር የሚተኙ ሰዎች ለበሽታው ይበልጥ ተጋልጠው ተገኝተዋል። ከብት ጠባቂውን ያለ አጎበር በሜዳ የሚያሳድር ቤት መርፌው ያዳነውን ሰው መልሶ ለዝንቧ ይሰጠዋል።

የዓይን ማዝም ነገር እንዲሁ ነው። ትራኮማ የሚባለው ይህ በሽታ በአማራ ክልል፥ ይልቁንም በደቡብ ጎንደር፥ ብዙ ሰው ያሳወረ ነው። ፋይዘር የተባለው ኩባንያ መድኃኒቱን በነጻ ሲሰጥ፥ የካርተር ማዕከልም ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋራ ሆኖ ሲያግዝ፥ በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ ለሚሊዮኖች አድርሶታል። ሆኖም መድኃኒቱ በዓመት አንድ ጊዜ የሚዋጥ ሲሆን የሕፃኑ ፊት ግን በየማለዳው መታጠብ አለበት። እናት ውኃ ለመቅዳት ረጅም መንገድ የምትሄድ ከሆነች፥ ከእንስራዋ ለመጠጥና ለወጥ እንጂ ለፊት ማጠቢያ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ የጕድጓድ ውኃ ከመድኃኒት ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

ስለ ጕድጓድ ሲነሣ የፊንላንድ መንግሥት ከ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 2003 ዓ.ም. በአማራ ክልል ገጠር የሰጠው ርዳታ አንድ ቁም ነገር አስተምሮናል። በ1995 ዓ.ም. ገደማ በተጀመረው አሠራር ገንዘቡ በዚያን ጊዜ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ይባል በነበረው በኩል መንደሩ ራሱ ለመረጠው የውኃ ኮሚቴ ይሰጥ ጀመር። ኮሚቴው ግንበኛውን ይቀጥራል፥ ዕቃውን ይገዛል፤ መንደርተኛው ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፥ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም ያዋጣል። ገንዘብን ለባላገር አደራ መስጠት መጀመሪያ ያስፈራ ይሆናል፤ ነገር ግን በገዛ እጁ የሠራውን ጕድጓድ ሰው እንደ ገዛ ቤቱ ይጠብቀዋል።

እኔም በአንድ ወቅት በዘመዶቼ አገር ሁለት ጕድጓዶች አይቻለሁ። አንደኛው አጥር ያለው፥ በሰዓት የሚከፈት፥ ቁልፉም በአንዲት ባልቴት ወገብ የታሰረ ነው። ሁለተኛው ከእርሱ ይበልጥ ያማረ ፓምፕ ነበረው፤ ነገር ግን ትንሽ ጎማው ባለቀ ጊዜ ለመግዣ የሚያዋጣ ሰው ጠፍቶ ቆመ፤ ሴቶቹም ወደ ወንዝ ተመለሱ። ርዳታ ማለት መንገደኛ እንግዳ ነው፤ ቤተኛ የሚያደርገው ተቀባዩ ነው።

መብራትም ከዚህ ሕግ አይወጣም። የፀሐይን ኃይል ቀን ተቀብሎ ሌሊት የሚያበራው ትንሽ ፋኖስ የኩራዝን ጢስ ከቤት ያስወጣል፤ ተማሪው ዓይኑ ሳይቃጠል ያነባል፤ ምጥ የያዛትንም ሴት በጨለማ ወደ ጤና ጣቢያ ለማድረስ ይረዳል። ነገር ግን ባትሪው ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደክማል። ከላምባ የተረፈውን ገንዘብ በሙዳይ እያስቀመጠች የቈየች እመቤት አዲስ ባትሪ ትገዛለች፤ ያላሰበችው ግን ወደ ኩራዟ ትመለሳለች።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ከእናንተ ብዙዎቹ ሹማምንት ስለ ሆናችሁ ለሥራ ወደ ገጠር መውረዳችሁ አይቀርም። ወርዳችሁም ስለ መንገዱና ስለ አዝመራው ከሽማግሌዎች ጋራ ከተነጋገራችሁ በኋላ ወደ አንዲት እመቤት ቤት ጎራ በሉና፥ ውኃ ከየት ትቀጃለሽ፥ ሌሊት ምን ታበሪያለሽ፥ በቤትሽስ የታመመ ሰው ካለ ስንት ቀን ሆነው ብላችሁ ጠይቁ። መልሷን በቃሏ ጻፉት፤ ሳታሳጥሩም ወደሚመለከተው ክፍል አስተላልፉት። ሐኪሙም መሐንዲሱም ከሩቅ ሊመጣ ይችላል፤ የመንደሩን ድምፅ ማድረስ ግን የእናንተ ድርሻ ነው።