ውሃ የጠጣው ድንጋይ

የትምህርት ወጪ ሲከብደኝ እናቴ ከደላንታ ያመጣችውን ኦፓል «ሽጠህ ተጠቀምበት» ብላ ሰጠችኝ። ወደ ፒያሳ ስወጣ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ከሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ አጠገብ ቆሜ፣ አቧራው እንዲለቅ ብዬ የውሃ ጠርሙሴ ውስጥ ከተትኩት። ጓደኛዬን ስጠብቅ ረስቼው ቆየሁ። ሳወጣው ያ ቀይና አረንጓዴ ብልጭታው የለም! እንደ ጠርሙስ ስባሪ ጠርቷል። እናቴን ምን ልበላት?

መምህራችን ግን ሳቁ። በ2000 ዓ.ም. ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ረቂቅ ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃ ይመጥጣል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ጄድ ቢሆን ኖሮ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ጥቅጥቅ ድንጋይ ስለሆነ ውሃው ምንም አያደርገውም ነበር።

በአራተኛው ቀን ብልጭታው ተመለሰ። ሸጥኩት። ለገዢው ግን «ውሃ አታስነካው» ብዬ ምክንያቱን ነገርኩት። ዋጋ ቀነሰብኝ፤ ቅር አላለኝም።